ከቦሌ እስከ ደለስ፦ መምጫው ለምን 17 ሰዓት፣ መመለሻው ለምን 13 ሆነ?

አክስቴ ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን መጡ። ቲኬቱ እጃችን እንደገባ ታናሽ ወንድሜ ሰዓቱን ቆጠረው። መነሻ 22:45፣ መድረሻ 08:30። «ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ብቻ ነው እንዴ?» አለ። ደስ አለው። አክስቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለረጅም ሰዓት መቀመጣቸው ሁላችንንም አስጨንቆን ነበር። ከዚያ የመመለሻውን ገጽ ገለጠ። መነሻ 11:00፣ መድረሻ በማግስቱ 07:00። ሃያ ሰዓት። «መመለሻው ለምን እጥፍ ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መምጫው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፣ መመለሻው 13 ነው። ወረቀቱ ላይ አጭር የሚመስለው ረጅሙ፣ ረጅም የሚመስለው አጭሩ ነው። ያው መንገድ፣ ያው ርቀት፣ ግን የአራት ሰዓት ያህል ልዩነት። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰጠው መልስ «ንፋስ ነው» የሚል ነው። ንፋስ አለበት። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው፤ ያረፈበት ከፍታ። እዚያ ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ቲኬቱን በትክክል እናንብበው።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የቦታው ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀናነስ ብርን ከዶላር እንደመቀነስ ነው። መጀመሪያ ወደ አንድ መመንዘር አለበት። በሐምሌ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ወደ አሜሪካ ስንመጣ ባገኘነው ልዩነት ላይ 7 እንጨምራለን፤ 9:45 ሲደመር 7፣ 16:45 ይሆናል። ወደ አገር ቤት ስንመለስ 7 እንቀንሳለን፤ 20 ሲቀነስ 7፣ 13። የወንድሜ ስህተት ይኸው ነበር።

ልዩነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ 7 አይደለም። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ይገፉታል፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትነካም። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ማርች ልዩነቱ 8 ነው፣ በቀሩት ወራት 7። «በጋና ክረምት» እያልኩ ያላስረዳሁት ሆን ብዬ ነው። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ ሰው ይደናገራል። በወር መያዙ ይሻላል።

እዚህ የምንኖር ሰዎች ወደ ቤት ስንደውል የምንጠቀምበት አቋራጭ አለ። የዋሽንግተን ሰዓት ላይ 1 ጨምሩ፤ የሀበሻውን ሰዓት ታገኛላችሁ። እዚህ ከጠዋቱ 9 ከሆነ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እዚህ ማታ 9 ከሆነ እዚያ ከሌሊቱ 10 ነው፤ አትደውሉ። ከኖቬምበር በኋላ የሚጨመረው 2 ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ በ7 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ወደኋላ ነው። ከ7 ላይ 6 ሲነሳ 1 ይቀራል። በዚህ ስሌት ቲኬቱ ላይ ያለው 08:30 አዲስ አበባ ላለ ሰው ከቀኑ 9:30 ነው። «እትዬ ደረሱ?» ብሎ የሚደውለው ዘመድ ከምሳ በኋላ ስልኩን ይጠብቅ።

አንድ ሌላ ወጥመድ ስላለ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሱ በረራዎች አሉ። ጎረቤቶቻችን ማክሰኞ 00:30 የሚል ቲኬት ነበራቸው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን ጭነው፣ ዘመድ አዝማድ ተሳስሞ፣ አየር ማረፊያ ደረሱ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። በፈረንጁ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ማክሰኞ 00:30 ማለት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ለእናትና ለአባታችሁ ቲኬት ስትልኩ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው። ያቺ አንዲት ቃል አንድ ሙሉ ትኬት ታድናለች።

ርቀቱ ስንት ነው?

ከቦሌ እስከ ደለስ አየር ማረፊያ በአጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። (ደለስ የዋሽንግተን ነው፤ ቴክሳስ ካለችው ዳላስ ጋር አይምታታባችሁ።) ይኸው ርቀት በአሜሪካ ማይል 7,180 ገደማ ይሆናል፤ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ገደማ። የተለያዩ ቦታዎች የተለያየ ቁጥር ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የማይሉ ዓይነት ነው። የአሜሪካው ማይል 1,609 ሜትር ነው። የባሕሩ 1,852 ሜትር።

«አጭሩ መንገድ» የሚለው ቃል ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዓለም ካርታ ውሰዱና አዲስ አበባን ከዋሽንግተን በማስመሪያ አገናኙ። መስመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊ፣ በሞሪታኒያ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። ቀጥ ያለ ነው፤ ዓይን ያምነዋል። አጭሩ ግን እሱ አይደለም። ይህን መስመር ተከትሎ የሚበር አውሮፕላን ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በከንቱ።

ብርቱካንና ክር ካላችሁ ቤት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ብርቱካኑ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አድርጉ። አንዱ ወገቡ አካባቢ ይሁን፣ ሌላው ራቅ ብሎ ወደ ላይኛው በኩል ከፍ ይበል። ክሩን በሁለቱ መካከል ወጥሩት። ክሩ በወገቡ በኩል አይዞርም። ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ይሄዳል፤ ብርቱካኑ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ በዚያ በኩል መዞሩ ያጥራል። ምድርም እንደዚያው ናት። ካርታው ኳሷን ጨፍልቆ ጠፍጣፋ ስላደረጋት ነው ዓይናችን የሚሳሳተው።

ክሩን በምድር ላይ ብንወጥረው እንዲህ ይሆናል። ከቦሌ ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ አድርጎ ይነሳል። ካርቱም አካባቢ ያልፋል። የሊቢያን በረሃ ያቋርጣል። በአልጄሪያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፤ ደቡብ ስፔንን ነክቶ በሊዝበን አካባቢ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። ውቅያኖሱ መሃል ላይ ከዋሽንግተን ራሷ በላይ ወደ ሰሜን ይወጣና ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ማሊም ኒጀርም የሉበትም።

ግን ይህን መንገድ ዛሬ የሚበርበት የለም ማለት ይቻላል። ክሩ ያለፈባቸውን አገሮች ተመልከቱ። ሱዳን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ አየር መንገዶች ሲሸሹት ቆይተዋል። ሊቢያ። ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት ሲሸሹት የኖሩት ሰማይ ነው። እኛ ካርታ ላይ ባዶ ሰማያዊ የሚመስለን አየር በአገር የተከፋፈለ ነው። ባለቤት አለው፣ ክፍያ አለው፣ መሬት ላይ ጦርነት ሲኖር ላዩም አብሮ ይታመማል። አውሮፕላኑ ለምሳሌ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ቢዞር መንገዱ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል። ይህ 20 ደቂቃ ነው። ለመንገደኛው ብዙም አይሰማውም። መስኮት አጠገብ ከተቀመጣችሁና ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ካርቱምን ዞሮ ሲሄድ ካያችሁ ግን ምክንያቱን እወቁት። ከታች ያለው ሕዝብ ጎረቤታችን ነው።

ቦሌ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። አክስቴ የመጡበት አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞልቷል። ሲመለሱ ግን ከደለስ ተነስተው አንዴ አዲስ አበባ ነው ያረፉት። ለምን?

ድሪምላይነር የምንለው ቦይንግ 787-8 አንዴ ተነስቶ ወደ 13,500 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል። መንገዱ 11,560 ነው። ዞሮ ቢሄድ እንኳ 12,000 አይሞላም። ስለዚህ ይበቃዋል። በደንብ ይበቃዋል። ታዲያ ሲመጣ የሚያቆመው ምንድን ነው?

መልሱ 2,334 ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ይህን ያህል አህጉር አቋራጭ በረራ የሚያስተናግዱ አየር ማረፊያዎች ጥቂት ናቸው። ደለስ ደግሞ 95 ሜትር ላይ ነው።

ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ከቆላ የመጣ ሰው የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ሯጮቻችን እዚያ የሚሰለጥኑትም ለዚሁ ነው። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ20 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ይህ አውሮፕላኑን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። አንደኛ፣ ክንፉ የሚሸከመው በሚያልፍበት አየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በ12 ከመቶ ያህል ፈጥኖ መንደርደር አለበት። ሁለተኛ፣ ሞተሩም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ የሳሳ አየር ሲስብ ጉልበቱ ይቀንሳል። አስቡት። የበለጠ ፍጥነት ይፈለጋል፣ ጉልበቱ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ያህል ነው። ረጅም ነው፤ ግን ማለቂያ አለው። ጎማውም መሬት ላይ ሊሽከረከር የሚችልበት የፍጥነት ጣሪያ አለው።

አየር ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። በዚህ በኩል የአዲስ አበባ ብርድ ውለታ ይውላል፤ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ወፈር ይላል፣ አውሮፕላኑም ትንሽ ይቀለዋል።

የደህንነት ሕጉም አለ። አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት የሚያሰሉት ሁሉም ነገር ሲሰምር ያለውን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል፣ ማቆም በማይቻልበት በዚያች ቅጽበት፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋስ? በቀረው አንድ ሞተር ተነስቶ ዙሪያውን ያለውን ተራራ በበቂ ርቀት ማለፍ መቻል አለበት። አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከቦሌ ይዞት ሊነሳ የሚችለው ክብደት ከባሕር ዳርቻ ይዞት ከሚነሳው በጣም ያንሳል።

ክብደቱ ከየት ይቀነስ? እዚህ ላይ ነው ነዳጅ የሚመጣው። 787-8 ሙሉ ነዳጅ ሲሞላ 126,000 ሊትር ያህል ይይዛል። ክብደቱ ወደ 100 ቶን ነው። አውሮፕላኑ ከነሰውና ከነጭነቱ ሊነሳበት የሚችለው ከፍተኛው ክብደት ደግሞ 228 ቶን ገደማ ነው። ማለትም በረጅም በረራ ከምትጭኑት ነገር ሁሉ ከባዱ ነዳጁ ነው። ከቦሌ ያለ ማቋረጥ ዋሽንግተን ለመድረስ የሚበቃ ነዳጅ ከሞላ፣ ብዙ ወንበር ባዶ መሄድ አለበት። ሰውና ጭነት ከሞላ ደግሞ ነዳጅ መቀነስ አለበት። ባዶ ወንበር አትላንቲክን ማሻገር ማንንም አይጠቅምም፤ የቲኬቱ ዋጋ በቀሩት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰው ይሞላል፣ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አርፎ ይሞላል። ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ የአዲስ አበባ በረራዎች በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ የዚህ ማረፊያ ሆነዋል። ደብሊን ከባሕር ጠለል በላይ 70 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሎሜ 20 ገደማ።

ሲመለስ ታሪኩ ይገለበጣል። ከደለስ ሲነሳ አየሩ ወፍራም ነው፤ ከነሙሉ ሰውና ከነበቂ ነዳጅ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ ስላቃጠለ ቀሎታል። ከፍታ ላይ ማረፍ ከፍታ ላይ የመነሳትን ያህል አይከብድም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚመስለው ማረፊያው መንገዱን ስላስረዘመው ነው ሰዓቱ የረዘመው። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አስልቼ ሳየው ተገረምኩ። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብሊን ደለስ 5,460 ገደማ። ድምሩ 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! በሮም ቢሆን ደግሞ 150 ብቻ። ሁለቱም ከተሞች ከክሩ ወደ ሰሜን ቢወጡም፣ በእነሱ በኩል መዞር መንገዱን ብዙም አያስረዝመውም። በሎሜ ሲሆን ነው መንገዱ ራሱ የሚረዝመው፤ ወደ 12,750 ይደርሳል፣ ከቀጥታው በ1,200 ያህል ይበልጣል። ሎሜ ግን የራሷ መንገደኛ አላት። ከምዕራብ አፍሪካ የሚሳፈር፣ እዚያ የሚወርድ አለ።

ስለዚህ የደብሊን ዓይነት ማረፊያ ሰዓት የሚበላው በርቀት አይደለም። ከፍ ካለ ሰማይ መውረድ፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ማረፍ፣ ነዳጅ መኪናውን መጠበቅ፣ መሙላት፣ ተራ ይዞ እንደገና መነሳት፣ እንደገና ወደ ከፍታ መውጣት ነው ሰዓቱን የሚበላው። ተደምሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። መንገደኛው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ አይነሳም። አክስቴ «ደረስን እንዴ?» ብለው ቀበቷቸውን ሊፈቱ ሲሉ አጠገባቸው ያለች ልጅ «ገና ነው እማማ፣ ግማሹ ነው» ብላ እንዳስቀረቻቸው ነግረውናል። ትልልቅ ሰዎችን ስትሸኙ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መንገድ ላይ እንደሚያርፍ፣ እንዳይወርዱ፣ ቆም ብለው እግራቸውን እንዲያፍታቱ።

ቢሾፍቱ አጠገብ ስለታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ስትሰሙም ይህ ነገር ትዝ ይበላችሁ። ስለ ስፋቱ ብዙ ይወራል። እኔን የሚያጓጓኝ ከፍታው ነው። የቢሾፍቱ ከተማ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አየሩ በ4 ከመቶ ያህል ይወፍራል። ትንሽ ትመስላለች። ለሚነሳ አውሮፕላን ግን በቶን የሚቆጠር ነዳጅ ናት።

ንፋሱስ?

ንፋሱም አለ፤ ለዚህ መንገድ ሁለተኛው ምክንያት ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሰሜኑ የምድር ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የንፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በፈረንጆቹ ክረምት ከ300 በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚፈጠረው በሞቃቱ የደቡብ አየርና በቀዝቃዛው የሰሜን አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የምድር መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ንፋሱ ይበረታል፤ ለዚህ ነው በክረምታቸው የሚብሰው።

ይህን ንፋስ በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከለኩት ቀዳሚዎች አንዱ ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። ውጤቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ ኤስፔራንቶ በሚባለው የጋራ ቋንቋ አሳተመው። ያን ቋንቋ የሚያነብ ጥቂት ስለነበር ብዙ ሰው ሳያውቀው ቆየ። ይህን ታሪክ ሳስብ ያሳዝነኛል።

አንድ ሰው «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከተማዋ ወደ እሱ ትመጣለታለች፤ እንዲያውም መፍጠን አለበት» ብሎ ሲከራከር ሰምቻለሁ። አይደለም። አየሩም አብሮ ከምድር ጋር ይዞራል፤ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ ነው። እሱን የሚመለከተው አየሩ ከመሬት አንጻር ወዴት እንደሚነፍስ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ከደብሊን ደለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ነው። ንፋስ ባይኖር 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይፈጃል። የ100 ኪሎ ሜትር ንፋስ ከፊት ቢመጣ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ 800 ይሆናል፤ 6 ሰዓት ከ50። ያው ንፋስ ከኋላ ቢገፋው 1,000 ይሆናል፤ 5 ሰዓት ከ28። በአንድ ውቅያኖስ ላይ ብቻ የአንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ልዩነት። ልብ በሉ፣ ሄዶ ሲመለስ ኪሳራውና ትርፉ እኩል አይጣፋም። ሁለቱን ብትደምሩ ንፋስ ከሌለበት ቀን በ10 ደቂቃ ያህል ይበልጣል። ከፊት የሚመጣ ንፋስ ውስጥ የምትቆዩት ጊዜ ረዘም ስለሚል ነው።

ንፋሱ ሲያግዝ ምን ድረስ እንደሚያግዝ ለማወቅ ፌብሩዋሪ 2020ን አስታውሱ። ኪያራ የተባለ ማዕበል አውሮፓን ሲመታ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደረሰ። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። የድምፅን ፍጥነት አልሰበረም፤ አየሩ ራሱ ተሸክሞት ነው የሄደው።

ለዚህ ነው የአትላንቲክ መንገድ በየቀኑ የሚለያየው። ከአየርላንድ በኩል ሻንዊክ፣ ከካናዳ በኩል ጋንደር የሚባሉት የበረራ ተቆጣጣሪዎች የዕለቱን ንፋስ አይተው መስመሮቹን ያወጣሉ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ንፋሱን ይፈልገዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይሸሸዋል። ትናንት ያያችሁት መስመር ዛሬ ላይኖር ይችላል። በክረምታቸው በረራው ዘግይቶ ቢደርስ፣ ወይም ሲመለስ ከሰዓቱ ቀድሞ ቢያርፍ፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን የአክስቴን ሰዓት መልሰን እንገንባው። ሲመጡ፦ በደብሊን በኩል ቢሆን 11,830 ኪሎ ሜትር። ንፋሱ ከፊት ስለሆነ በአማካይ 840 ቢሄድ 14 ሰዓት። ነዳጅ መሙያው ላይ መሬት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሁለት ጊዜ መነሳት፣ ሁለት ጊዜ ማረፍ፣ በማኮብኮቢያው ላይ ተራ መጠበቅ፣ ትንሽ መዞር። ወደ 17 እንጠጋለን። ሲመለሱ፦ ሱዳንን ዞሮ 11,860 ያህል። ንፋሱ ከኋላ ስለሆነ በአማካይ 960፤ 12 ሰዓት ከ20 ያህል። መነሻና ማረፊያ ላይ 40 ደቂቃ። 13።

ኢንተርኔት ላይ ሁለት ከተማ አስገብታችሁ የምታገኙት «የበረራ ሰዓት» ከሁለቱም ጋር የማይገጥመው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ርቀቱን ለ900 አካፍሎ ግማሽ ሰዓት የሚጨምር ቀላል ስሌት ነው። ለዚህ መንገድ 13 ሰዓት ከ20 ያህል ይሰጣችኋል። ለመመለሻው ይቀርባል። ለመምጫው አይሆንም፤ ቦሌ ተራራ ላይ መሆኑን አያውቅም። የቲኬቱን ሰዓት እመኑ። የቲኬቱ ሰዓት በሩ ተዘግቶ ከቆመበት ከሚንቀሳቀስበት ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለው ነው፤ በመሬት ላይ መንዳቱን ሁሉ ይጨምራል። ሰው ለመቀበል የምትሄዱ ግን ከዚያም በላይ ጊዜ ያዙ። ኢሚግሬሽንና ሻንጣ አለ፤ ዊልቸር የጠየቀ ሰው ደግሞ ዊልቸሩን ይጠብቃል። እኛ አክስቴን የተቀበልነው አውሮፕላኑ ካረፈ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በርበሬውና ሽሮው ደህና ገብቷል።

መስከረም መባቻ ላይ ሸኘናቸው። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተነሱ። ወንድሜ በዚህ ጊዜ በደንብ ቆጥሮ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አውሮፕላኑን ሲከታተል ዋለ። አትላንቲክን ተሻገሩ። ሜዲትራኒያን ላይ ሲደርሱ እዚህ መሽቶ ነበር። መስመሩ ግብፅን ይዞ ወደ ቀይ ባሕር ሲታጠፍ ጠርቶ አሳየኝ። ከዚያ ስልኩ ጠራ። እዚህ እኩለ ሌሊት፣ 12 ሰዓት ነበር። አክስቴ ናቸው። «ገባሁ ልጆቼ፤ ነግቷል፣ ፀሐይ ወጥታለች» አሉ። አንድ ጨመርኩበት። ቦሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።